የሰው ወርቅ በገዛ ሚዛን

አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። ይህ ተረት ብዙ ጊዜ የሚነገረው በተውሶ ጌጥ ለሚኮራ ሰው ነው። የተዋሰው ጌጥ ለጊዜው ቢያምርበትም ባለቤቱ በጠየቀው ቀን መመለሱ አይቀርም፤ ያን ጊዜም አንገቱ ባዶውን ይቀራል። እኔ ግን ይህን ተረት ባሰብሁት ቁጥር ሌላ ጥያቄ ይመጣብኛል። ወርቁ እውነተኛ ወርቅ ከሆነ፥ ከሌላ ሰው እጅ ስለ መጣ ብቻ እንጣለውን? ወይስ ሌሎች ወርቅ ነው ስላሉን ብቻ ሳንመዝን እንቀበለውን?

በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ይመስለኛል። ታሪኩ ከተፈጸመባቸው ስፍራዎች አንዷ ከጋሞ ተራሮች ሥር፥ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ የምትገኘው አርባ ምንጭ ናት። የሚናገረውም ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ሳይሆን ስለ አንድ ክፉ በሽታ፥ ስለ መድኃኒቱና መድኃኒቱን ስለ መዘኑት ሰዎች ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ለሐኪም ብቻ የተሰጠ አይደለም። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልኝ።

፩. መድኃኒት እንዴት ይመዘናል?

ከጥንት ጀምሮ በየአገሩ መድኃኒት አዋቂዎች ነበሩ። ቅጠል ይበጥሳሉ፥ ሥር ይምሳሉ፥ ቀምመው ያጠጣሉ። የታመመው ሰው ጠጥቶ ቢድን «መድኃኒቱ አዳነው» ይባላል፤ ቢሞት ደግሞ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል። እንዲህ ባለው ዳኝነት መድኃኒቱ ሁልጊዜ ይመሰገናል እንጂ አንድ ቀን እንኳ አይወቀስም። ነገር ግን ብዙ በሽታ ያለ መድኃኒትም በራሱ ጊዜ ይለቃል። ስለዚህ አንድ ሰው መዳኑን ማየት፥ ያዳነውን ነገር ከማወቅ ጋር አንድ አይደለም።

ይህን ልዩነት በግልጽ ካሳዩት ሰዎች አንዱ ጄምስ ሊንድ የተባለ ስኮትላንዳዊ የመርከብ ሐኪም ነው። በዚያ ዘመን ረጅም የባሕር ጉዞ የሚያደርጉ መርከበኞች ድዳቸው እየደማ፥ ጉልበታቸው እየደከመ ያልቁ ነበር። እያንዳንዱም አዋቂ የየራሱን መድኃኒት ያወድስ ነበር። ሊንድ በ1747 በዚህ በሽታ የታመሙ 12 መርከበኞችን ወስዶ ሁለት ሁለት በማድረግ በስድስት ወገን ከፈላቸው። ሌላው ምግባቸው አንድ ዓይነት ሆኖ፥ ለአንዱ ጥንድ ኮምጣጤ፥ ለሌላው የባሕር ውሃ፥ ለሌላው ደግሞ ብርቱካንና ሎሚ፥ እንዲሁ ለየጥንዱ የተለየ ነገር ሰጣቸው። ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ በጥቂት ቀን ውስጥ በረቱ፤ እንዲያውም አንደኛው ሌሎቹን ሕሙማን ለማስታመም በቃ። ሊንድ ያደረገው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በዚያ መርከብ ላይ መድኃኒት ከመድኃኒት ጋር ጎን ለጎን ቆሞ ለመመዘን በቃ።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ሚዛኑ ይበልጥ ተስተካከለ። በ1948 በእንግሊዝ አገር ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት ለሳንባ ነቀርሳ የተፈተነበት ውጤት ታተመ። መድኃኒቱ በዚያ ጊዜ ለሁሉ የሚበቃ አልነበረም። ስለዚህ ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የተባለው የስታቲስቲክስ ሊቅ ማን መድኃኒቱን እንደሚያገኝ በዕጣ እንዲወሰን አደረገ። 55 ሰዎች መድኃኒቱን ከአልጋ ዕረፍት ጋር፥ 52 ሰዎች ደግሞ በዚያ ዘመን የተለመደውን የአልጋ ዕረፍት ብቻ አገኙ። በስድስት ወር ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 4፥ ከሁለተኛዎቹ 14 ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ስለ መድኃኒቱ ጥቅም መከራከር አስቸጋሪ ሆነ።

ዕጣው ለምን አስፈለገ? ሐኪምም ሰው ነውና ነው። ያዘነለትን ወይም ይድናል ብሎ ተስፋ ያደረገበትን ሕመምተኛ ሳይታወቀው ወደ አዲሱ መድኃኒት ሊያደላ ይችላል። ብርቱዎቹ በአንድ ወገን፥ ደካሞቹ በሌላው ወገን ከተሰበሰቡ ደግሞ የሚመዘነው መድኃኒቱ መሆኑ ይቀርና የሰዎቹ ጉልበት ይሆናል። ዕጣ ግን ወገን አያውቅም፤ ለማንም አያዳላም። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሚዛን በልብህ ያዝና ወደ አገራችን ቆላ እንውረድ።

፪. ጥቁሩ ትኩሳት

ካላዛር የሚባለው በሽታ ስሙን ያገኘው ከሕንድ አገር ነው፤ ትርጓሜውም ጥቁር ትኩሳት ማለት ነው። በሽታውን የሚያመጡት በዓይን የማይታዩ ጥገኛ ተሕዋስያን ናቸው። እነዚህንም በ1903 ዊልያም ሌሽማንና ቻርልስ ዶኖቫን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በየበኩላቸው አይተው ስላስታወቁ፥ ተሕዋስያኑ በሁለቱ ስም ሌሽማኒያ ዶኖቫኒ ተብለው ተጠሩ። ከሰው ወደ ሰው የምታደርሳቸው የአሸዋ ዝንብ የምትባል ፍጥረት ናት። ከወባ ትንኝ ታንሳለች፤ ስትበርም ድምፅ አታሰማም። በደቡብ ኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ የምትጠለለው በኩይሳ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከዚያ ወጥታ እረኛውንና ገበሬውን ትነክሳለች።

በአገራችን ይህ በሽታ በጽሑፍ መታወቅ የጀመረው በ1942 በታችኛው የኦሞ ሜዳ ነው። ዛሬ በሰሜን ምዕራብ በመተማና በሑመራ ቆላ፥ በደቡብ ደግሞ በሰገን፥ በወይጦና በኦሞ ሸለቆዎች ይገኛል። በኮንሶ ቆላ የሚገኘው አባ ሮባ የተባለው ስፍራ በዚህ በሽታ ምክንያት ስሙ በሊቃውንት ጽሑፍ ውስጥ ተደጋግሞ ተነሥቷል። የኮንሶ ሰው ተራራውን በድንጋይ እርከን አስውቦ በማረስ የታወቀ ትጉህ ሕዝብ ነው። ነገር ግን ወደ ቆላው ወርዶ ማሽላውን ሲዘራ፥ ከብቱንም ሲያግድ፥ ያቺ ድምፅ የሌላት ዝንብ ትጠብቀዋለች።

የበሽታው አካሄድ ቀስ ያለ ነው። ትኩሳቱ ለሳምንታት፥ አንዳንድ ጊዜም ለወራት አይለቅም። ጣፊያና ጉበት እያበጡ ሆድ ወደ ፊት ይገፋል፤ በአንጻሩ እጅና እግር ይመነምናል፥ የጎድን አጥንት ይቆጠራል። ደም ይሳሳል፤ ሰውነት ሌላ በሽታ መከላከል ይሳነዋል። ሕክምና ካላገኙት ከመቶው ከ95 የሚበልጡት ይሞታሉ።

ከዚህም በላይ በሽታው መስሎ የሚያታልል ነው። የአባያና የጫሞ ዳርቻ የወባ አገር ነው። ወባም ያተኩሳል፤ ወባም ደጋግሞ ሲይዝ ጣፊያን ያሳብጣል። ስለዚህ በቆላ የሚኖር ሰው ትኩሳት ሲይዘው ራሱም፥ ጎረቤቱም፥ አንዳንድ ጊዜም ሐኪሙ «ወባ ነው» ይላሉ። የወባ መድኃኒት ይወስዳል፤ አይሻለውም። እንደገና ይወስዳል። ፍየል ይሸጣል፤ በኋላም በሬ ይሸጣል። ትክክለኛው የበሽታው ስም በተገኘ ጊዜ ገንዘቡም ጉልበቱም አልቆ ይገኛል። እንግዲህ በሽታን ለይቶ ማወቅ ከማዳን የሚያንስ ሥራ አይደለም፤ ስሙ ያልታወቀ ጠላት አይመታምና።

እርግጠኛው የመለያ መንገድ ረጅም መርፌ በጣፊያ ወይም በአጥንት መቅኔ አግብቶ ጥቂት ጠብታ በመቅዳት በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ከጣፊያ መቅዳት የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ ጣፊያ ከደማ ሰው ሊሞት ይችላልና። ይህን የመሰለ ሥራ በየቀበሌው የጤና ጣቢያ ሊደረግ አይችልም። ከሰገን ሸለቆና ከአካባቢው የመጡ ብዙ ሕሙማን በአርባ ምንጭ ሆስፒታል የሚታከሙትም ስለዚህ ነው። ከኮንሶ እስከ አርባ ምንጭ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

፫. አሮጌው መድኃኒትና አዲሱ ተስፋ

ለካላዛር ለብዙ ዘመን የታወቀው መድኃኒት አንቲሞኒ ከተባለው ማዕድን የሚሠራ ነው። ሕንዳዊው ሐኪም ኡፔንድራናት ብራህማቻሪ በ1922 በካልካታ ከዚህ ማዕድን የሠራው መድኃኒት ብዙ ነፍስ አድኗል። በኋላም ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የተባለው መድኃኒት ተተካ፤ በአገራችንም ዋናው መድኃኒት እርሱ ነበር።

ይህ መድኃኒት ያድናል፤ ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል። በየቀኑ አንድ መርፌ፥ ለ30 ቀን ይወጋል። በልብ፥ በጉበትና በቆሽት ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል፤ አንዳንዱን ደካማ ሕመምተኛ በሽታው ሳይሆን መድኃኒቱ ይገድለዋል። ደግሞም 30 ቀን ለገበሬ ምን ማለት እንደሆነ አስቡ። በሽተኛው ተኝቶ፥ አስታማሚው አጠገቡ ተቀምጦ፥ እርሻው ጦም ያድራል፤ ከብቱ ያለ ጠባቂ ይቀራል።

በሕንድ አገር በቢሃር ክፍለ ሀገር በ2003 አንድ ሌላ መድኃኒት መፈተን ተጀመረ። ስሙ ፓሮሞማይሲን ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም የካላዛር ሕሙማን ድሆች ስለሆኑ ትርፍ የሚሻ ነጋዴ ሳይከታተለው የቆየ መድኃኒት ነው። በቢሃር 667 ሰዎች በተካፈሉበት ፈተና ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 15 ሚሊግራም እየተመጠነ ለ21 ቀን ሲሰጥ፥ ከመቶው 94.6 የሚሆኑት ዳኑ። ይህም ውጤት በ2007 ታተመ። ዋጋው ርካሽ፥ ጊዜው አጭር፥ የመዳኑም ነገር አስደሳች ነበር።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ምን ይላል? «እንግዲህ መድኃኒቱ ተገኝቷል፤ አምጥተን እንስጥ» ይላል። ተሕዋሲው በሕንድም በኢትዮጵያም ሌሽማኒያ ዶኖቫኒ ነው። ሰውም ሰው ነው። በሕንድ ያዳነ በኢትዮጵያ ለምን አያድንም? ንግግሩ ልክ ይመስላል። የምሥራቅ አፍሪካ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ግን ተስፋውን ሳይጥሉ፥ መጀመሪያ እንመዝነው አሉ።

፬. በአርባ ምንጭና በሌሎች ስፍራዎች የተደረገው ፈተና

በ2003 በካርቱም ከተማ የኢትዮጵያ፥ የሱዳን፥ የኬንያና የኡጋንዳ ባለሙያዎች የሚተባበሩበት አንድ ማኅበር ተቋቋመ። በዚያው ዓመት በጄኔቫ የተመሠረተው፥ ችላ ለተባሉ በሽታዎች መድኃኒት የሚሻው ድርጅት ረዳቸው። ከኢትዮጵያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አስራት ኃይሉ፥ ከሱዳን አሕመድ ሙሳ፥ ከኬንያ ሞኒክ ዋሱና በሥራው መሪነት ስማቸው የታወቀ ነው።

ፈተናው በ2004 መጨረሻ ተጀመረ። ስፍራዎቹ በመጀመሪያ አምስት ነበሩ፤ ሁለቱ በሱዳን፥ አንዱ በኬንያ፥ ሁለቱም በኢትዮጵያ። የኢትዮጵያዎቹ ጎንደርና አርባ ምንጭ ናቸው። አርባ ምንጭ በዚያን ጊዜ የጋሞ ጎፋ ዞን ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የጋሞ ዞን ራሱን ችሎ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ይገኛል።

ሕሙማኑ በዕጣ በሦስት ወገን ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ አሮጌውን መድኃኒት ለ30 ቀን ወሰዱ። ሁለተኛዎቹ ፓሮሞማይሲንን ብቻ በሕንዱ ልክ ለ21 ቀን ወሰዱ። ሦስተኛዎቹ ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድነት ለ17 ቀን ወሰዱ። በመጀመሪያው ክፍል በእያንዳንዱ ወገን 135 ሰዎች ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ወጣት «የሰው ሕይወት በዕጣ ይከፈላልን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው የጽድቅ ጥያቄ ነው፤ በቸልታም መታለፍ የለበትም። መልሱ ይህ ነው፤ የትኛው እንደሚሻል በእርግጥ የሚያውቅ ሰው ካለ፥ ዕጣ ማውጣት ኃጢአት ነው። የትኛው እንደሚሻል የሚያውቅ ከሌለ ግን፥ እንደሚያውቅ ሆኖ መስጠት ነው የሚያስወቅሰው። ይህም ሲሆን ዕጣው የሚወጣው ሕመምተኛው ነገሩ ተገልጦለት ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ ፊደል ያልቆጠረ ቢሆን በምስክር ፊት ይነገረዋል፤ እምቢ ቢልም ሕክምናው አይከለከልም። መድኃኒቱ ያልሠራለትም ሰው ሌላ መድኃኒት ይሰጠዋል እንጂ አይተውም።

ይህ ደንብ በከንቱ የተጻፈ አይደለም። በአሜሪካ በአላባማ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ የቂጥኝ በሽታ የነበረባቸው 399 ጥቁር ሰዎች፥ ምን እንደሚደረግባቸው ሳይነገራቸው፥ ፔኒሲሊን በሽታውን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላም ሳይታከሙ፥ በሽታው ምን እንደሚያደርግ ለማየት ብቻ ተጠብቀዋል። እነዚያም ተመራማሪዎች የተማሩ ነበሩ፤ መዝገብም ይዘዋል፥ ቁጥርም ጽፈዋል። የጎደላቸው ዕውቀት ሳይሆን የሰውን ክብር መፍራት ነበር። ስለዚህ ሚዛን የያዘ ሁሉ ጻድቅ እንዳይመስልህ፤ ሚዛኑን የያዘውም እጅ ሊመዘን ይገባል።

፭. የተገኘው ነገር

ውጤቱ በ2010 ታተመ። አሮጌው መድኃኒት ከመቶው 92.2 አዳነ። ፓሮሞማይሲን ብቻውን፥ በሕንዱ ልክ የተሰጠው፥ ያዳነው ከመቶው 63.8 ብቻ ነው። በሕንድ ከመቶ ሰው አምስት ያህል ብቻ ሳይድኑ ሲቀሩ፥ በእኛ አገሮች 36 ያህል ሳይድኑ ቀሩ ማለት ነው። እነዚያ ተመራማሪዎች የሕንድን ወሬ ሳይመዝኑ አምነው መድኃኒቱን በየሆስፒታሉ አሰራጭተውት ቢሆን ኖሮ፥ ከየመቶው ከሠላሳ የሚበልጡ ሰዎች ዳናችሁ ተብለው በሽታቸውን ይዘው ወደ መንደራቸው በተመለሱ ነበር።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው ደግሞ የየስፍራው ልዩነት ነው። ፓሮሞማይሲን በሁለቱ የሱዳን ስፍራዎች ከመቶው 14.3ና 46.7፥ በኬንያ 80፥ በሁለቱ የኢትዮጵያ ስፍራዎች ደግሞ 75ና 96.6 አዳነ። መድኃኒቱ አንድ፥ ልኩ አንድ፥ የበሽታው ስም አንድ፤ ፍሬው ግን እንዲህ ተለያየ። እንግዲህ የሕንድ ሚዛን ለአፍሪካ አለመብቃቱ ብቻ ሳይሆን፥ የአንዱ ጎረቤት ሚዛን ለሌላው ጎረቤት አለመብቃቱ ታየ። ዘር አንድ ሆኖ መሬት ሲለያይ አዝመራው እንደሚለያይ ገበሬ ሁሉ ያውቃል፤ የጨንቻ ደጋ ገብስ አርባ ምንጭ ቆላ ወርዶ ቢዘራ ያንኑ ፍሬ አይሰጥም።

ተመራማሪዎቹ በዚህ አላፈሩም፤ አልደበቁትምም። የፓሮሞማይሲንን ልክ ከፍ አድርገው እንደገና መዘኑት፤ አሁንም ብቻውን ሲሰጥ ከአሮጌው አነሰ። ይሁን እንጂ ሦስተኛው ወገን፥ ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድነት ለ17 ቀን የወሰደው፥ ተስፋ ሰጠ። ፈተናው በኡጋንዳም ተጨምሮ ቀጠለ፤ በጠቅላላው የተካፈሉት ሰዎች ከ1,000 በላይ ሆኑ። በ2012 በታተመው ውጤት አሮጌው መድኃኒት በ30 ቀን ከመቶው 93.9፥ የሁለቱ ድብልቅ በ17 ቀን ከመቶው 91.4 አዳነ። ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ የተገኘው ትርፍ ግን 13 ቀን ነው።

ለአንድ የሰገን ሸለቆ ገበሬ 13 ቀን ትንሽ ነገር አይደለም። የአንቲሞኒው መርዝም ከ30 ቀን ወደ 17 ቀን ወረደለት። በአንድ አልጋ ላይ በፊት አንድ ሰው በሚታከምበት ጊዜ ሁለት ሰው ያህል ይታከምበታል። እውነቱን ሁሉ ለመናገር ግን ድብልቁ በየቀኑ ሁለት መርፌ ስለሆነ የመርፌው ቁጥር 34 ነው፤ ሕመሙ አልቀነሰም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ይህን የ17 ቀን ሕክምና ለምሥራቅ አፍሪካ ቀዳሚ መድኃኒት እንዲሆን መከረ። ኢትዮጵያም በ2013 በወጣው የሕክምና መመሪያ ተቀበለችው።

የመለያውም ነገር እንዲሁ ነው። አር ኬ 39 የሚባል፥ በአንዲት ጠብታ ደም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ካላዛርን የሚጠቁም ትንሽ ወረቀት አለ። በጣፊያ መርፌ መውጋትን ለብዙ ሰው ስላስቀረ ታላቅ በረከት ነው። ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው በ2014 ሲመዘኑ ግን፥ ይህ ወረቀት በሕንድና በጎረቤቶቿ ከመቶ ሕመምተኛ 97 ሲለይ፥ በምሥራቅ አፍሪካ የሚለየው 85 ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። በሕንድ የሚሠራ ሐኪም ወረቀቱ «የለበትም» ሲለው ሊያምን ይችላል። በአርባ ምንጭ ያለው ሐኪም ግን፥ የበሽተኛው ጣፊያ አብጦ፥ ትኩሳቱም ሳይለቅ ወረቀቱ «የለበትም» ቢለው፥ እንደገና መመርመር አለበት። ይህን ልዩነት ያላወቀ ሐኪም ከመቶው 15ቱን ሕሙማን «ደኅና ናችሁ» ብሎ ወደ ሞት ሊሰዳቸው ይችላል።

፮. ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች

የሊቃውንቱን ስም ጠርቻለሁ፤ ይገባቸዋልና። ነገር ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው የሌሎች ሰዎች ሥራ ነው።

ካላዛር ተደብቆ የሚመለስ በሽታ ነው። ሰውየው ሕክምናውን ሲጨርስ ትኩሳቱ ለቆ፥ ሆዱ ጎድሎ፥ ምግብ በልቶ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ከወራት በኋላ ግን በጣፊያው ውስጥ የተረፉት ጥቂት ተሕዋስያን እንደገና ሊነሡበት ይችላሉ። ስለዚህ በዚያ ፈተና አንድ ሰው «ዳነ» የሚባለው ሕክምናው ካለቀ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ሲመረመርና ተሕዋሲው ከሰውነቱ መጥፋቱ ሲረጋገጥ ነው።

እንግዲህ ይህን አስቡ። ከቆላው መንደር በቃሬዛ የመጣ እረኛ ድኖ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ስድስት ወር አልፏል። አሁን ይሮጣል፥ ይዘላል፥ ከብቱን ያግዳል። ምንም አያመውም። ለራሱ ብቻ የሚያስብ ቢሆን ምን አስቸገረው? ነገር ግን ቃል ገብቶ ነበርና ያን ሁሉ መንገድ እንደገና ተጉዞ ወደ ሆስፒታሉ ይመጣል፤ ጤነኛ ሰውነቱንም ለመርፌ ይሰጣል። ከዚያ መርፌ የሚገኘው ዕውቀት ነገ ለሚታመመው፥ ስሙን ለማያውቀው፥ ምናልባትም በሱዳን ወይም በኡጋንዳ ለሚኖር ሰው የሚጠቅም ነው።

እነዚህ ሰዎች ባይመለሱ ኖሮ ከላይ የጻፍኋቸው ቁጥሮች ሁሉ ባልተገኙ ነበር። 91.4 የሚለው ቁጥር በወረቀት ላይ ሲያዩት ደረቅ ነገር ይመስላል፤ ውስጡ ግን በቃላቸው የጸኑ ሰዎች የእግር ጉዞ ነው። በጦር ሜዳ የወደቀውን ጀግና እናከብራለን፤ መልካም እናደርጋለን። ነገር ግን ድኖ ሳለ ስለ ወንድሙ ሲል ተመልሶ ክንዱንና ጎኑን ለመርፌ የሰጠውን ገበሬ ጀግና አለማለት ፍርድ ማጉደል ነው።

፯. ከዚህ የምንማረው

በዚህ ዓለም ሰውን የሚያስቱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ከውጭ የመጣውን ሁሉ መናቅ ነው። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው የፓሮሞማይሲንን ታሪክ ሰምቶ «አላልኋችሁም? የፈረንጅና የሕንድ መድኃኒት ለእኛ አይሆንም» ይላል። እርሱ ታሪኩን ግማሽ ብቻ ነው የሰማው፤ ያው መድኃኒት ከሌላው ጋር ተጣምሮ በትክክለኛው ልክ ሲሰጥ ብዙ ኢትዮጵያውያንን አድኗልና። ሁለተኛው መንገድ ከውጭ የመጣውን ሁሉ ሳይመረምሩ መዋጥ ነው። በዚህ የሚሄድ ሰው «በሕንድ ታይቷል፥ በመጽሔት ታትሟል፤ ሌላ ምን ትሻላችሁ?» ይላል። እርሱም ከመቶው ሠላሳ ስድስቱን ይረሳል።

ደግሞ የገዛ አገር ነገር ስለሆነ ብቻ ከሚዛን ነፃ ነው ማለቴ አይደለም። እንዶድን እናቶቻችን ልብስ ሲያጥቡበት ኖረዋል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ በሚታጠብበት ቦታ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ከዚያም «የአገሬ ተክል ነውና ያድናል» ብሎ አላወጀም፤ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል በምርመራ ለክቶ፥ መዝኖ፥ ደጋግሞ ፈተነ። ዓለም ሥራውን ያከበረለት ተክሉ ኢትዮጵያዊ ስለሆነ ሳይሆን ሚዛኑ እውነተኛ ስለሆነ ነው። እንግዲህ የሰው ወርቅም የገዛ ወርቅም በአንድ ሚዛን ሊቀመጥ ይገባል።

ሥራው በዚህ አላበቃም። የ17 ቀኑም ሕክምና ቢሆን መርዛም የሆነውን አንቲሞኒ አልተወም። ስለዚህ እንደገና በኢትዮጵያ፥ በሱዳን፥ በኬንያና በኡጋንዳ ሌላ ፈተና ተደረገ፤ በአፍ የሚዋጥ ሚልቴፎሲን የተባለ መድኃኒት ከፓሮሞማይሲን ጋር ለ14 ቀን ተሰጥቶ ከ17 ቀኑ ሕክምና ጋር የሚመጣጠን ሆኖ ተገኘ። ትናንት አዲስ የነበረው ዛሬ አሮጌ ሆነ። እውነትን የሚወድ ሰው በዚህ አያዝንም፤ ሚዛኑን አንድ ጊዜ አንሥቶ ለዘለዓለም የሚያስቀምጥ ነጋዴ የለምና።

እናንተ ወጣቶች ሆይ፥ ሁላችሁም ሐኪም አትሆኑም። ነገር ግን አንዳንዶቻችሁ ዳኛ፥ አንዳንዶቻችሁ መምህር፥ አንዳንዶቻችሁም የአገር አስተዳዳሪ ትሆናላችሁ። ከውጭ አገር የተጻፈ ሕግ፥ በሌላ ምድር የተሞከረ የእርሻ ዘዴ፥ ለሌላ ልጆች የተዘጋጀ የትምህርት መጽሐፍ ወደ እጃችሁ ይመጣል። ያን ጊዜ አትናቁት፤ አትስገዱለትም። በማን ላይ ተፈተነ? ስንቱን ጠቀመ? ስንቱን ጎዳ? የእኛስ መሬትና ሰው ከዚያ በምን ይለያል? ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያም በትንሹ ሞክሩ፤ ያያችሁትን ቢያስደስታችሁም ባያስደስታችሁም ጻፉ። የምትሞክሩባቸውን ሰዎች አስፈቅዱ፤ እንደ ወንድሞቻችሁም አክብሩ።

የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚለው የአባቶቻችን ቃል እውነት ነው፤ ሳይመዘን እስከ ተጠለቀ ድረስ። በገዛ ሚዛን የተመዘነ፥ ጉድለቱ ታውቆ የተስተካከለ ወርቅ ግን የሰው መሆኑ ይቀራል። ዋጋውን የከፈለው የመዘነው ሰው ነውና፥ ባለቤቱም እርሱ ነው።